«ሰርፕራይዝ» ሁሉ «አስገራሚ» ነው? ስለ ትርጉሙና አገባቡ

ፍኖተ9 (ጥያቄ)

ሰላም ለሁላችሁ። ፍኖተ ሰላም ለ9ኛ ክፍል እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ «ሰርፕራይዝ» የሚለውን ቃል የትም ቢያገኙት «አስገራሚ» ብለው ይተረጉሙታል። መዝገበ ቃላቱ «መገረም፣ ማስገረም፣ ድንገተኛ ነገር» ብሎ ይደረድራል እንጂ የቱ የት እንደሚገባ አይነግርም። ከታች ያሉትን ስድስት ዓረፍተ ነገሮች እንዴት ትተረጉሟቸዋላችሁ? ሁሉም እንዲያነበው እንግሊዝኛውን በፊደላችን ጽፌዋለሁ።

1. ቱ ማይ ሰርፕራይዝ፣ ዘ ሾፕ ዋዝ ክሎዝድ።
2. ዘ ሬይን ቱክ አስ ባይ ሰርፕራይዝ።
3. ዘ ጋርድ ሰርፕራይዝድ ቱ ቦይስ ኢን ዘ ስቶር።
4. ዘ ቲቸር ጌቭ አስ ኤ ሰርፕራይዝ ቴስት።
5. አይ ውድንት ቢ ሰርፕራይዝድ ኢፍ ሺ ዊንስ።
6. ሰርፕራይዝ ሚ።

ሌላው ችግር «ገረመኝ» ለማለት «አይ ሰርፕራይዝ» ወይም «አይ አም ሰርፕራይዚንግ» ብለው መጻፋቸው ነው። ስህተት መሆኑን ነግሬያቸዋለሁ። ምክንያቱን በአማርኛ አስረድቼ ከሥሩ የምነቅልበት መንገድ ካላችሁ ንገሩኝ።

ማርቆስ ተርጓሚ

እህቴ፣ ልጆቹ ላይ አይፈረድም። የእንግሊዝኛው ቃል ሦስት ነገር አንድ ላይ ጠቅልሎ ይዟል፤ አማርኛ ግን ለየብቻ ነው የሚጠራቸው። ስለዚህ ከመተርጎም በፊት አንድ ነገር መጠየቅ ይበቃል፦ ዓረፍተ ነገሩ የሚያወራው ስለ ነገሩ ነው፣ ስለ ሰው ልብ ነው፣ ወይስ ስለ እጅ? ነገሩ ከሆነ «ያልታሰበ፣ ያልተጠበቀ፣ ድንገተኛ» ነው። ልብ ከሆነ «መገረም» ነው። እጅ ከሆነ፣ ማለትም አንዱ ሌላውን ሳይዘጋጅ ሲያገኘው፣ «ድንገት ደረሰበት» ነው።

የእጁ ትርጉም ከሌሎቹ ጋር ዝምድና የሌለው ስለሚመስላቸው ልጆች ይዘነጉታል፤ ግን ታላቅየው እሱ ነው። ቃሉ የመጣው ከፈረንሳይኛ ነው። «ሱር» በላይ፣ «ፕረንድር» መያዝ ሲሆን፣ አንድ ላይ «በላይ መጥቶ ያዘ» እንደማለት ነው። በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ወደ እንግሊዝኛ ሲገባም ያልተጠበቀ ጥቃትን፣ ጠላትን ሳይዘጋጅ መያዝን የሚናገር ቃል ነበር። የመገረም ትርጉሙ የመጣው ኋላ ነው። ዛሬም በጦር ሳይንስ «ሰርፕራይዝ» ከጦርነት መርሆዎች አንዱ ሆኖ ይቆጠራል፤ ጠላትን ባላሰበበት ጊዜና ቦታ መምታት ማለት ነው። በ1933 ዓ.ም. የእንግሊዙ መኮንን የዊንጌት ጌዴዎን ጦር ከአርበኞች ጋር ሆኖ በቡሬ በኩል ወደ ደብረ ማርቆስ ሲገፋ ስለነበረው ውጊያ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነገር ብታነቢ ቃሉን በዚህ ትርጉም ታገኚዋለሽ። እዚያ ላይ «አስገራሚ ጥቃት» ብሎ መተርጎም ጥቃቱን ማድነቅ ይሆናል። «ድንገተኛ ጥቃት» ነው።

አሁን ወደ ዓረፍተ ነገሮችሽ።

አንደኛው ልብ ነው፦ «የሚገርመው፣ ሱቁ ዝግ ነበር።» ተጠንቀቂ፣ «የሚገርመው» ማንን እንደገረመ አይናገርም። እንግሊዝኛው «ቱ ኸር ሰርፕራይዝ» ቢል ኖሮ የተገረመችው እሷ ስለሆነች «ሱቁን ዝግ ሆኖ ስታገኘው ገረማት» ማለት ይሻላል።

ሁለተኛው ላይ ትንሽ ልቆይ። «ዝናቡ አስገረመን» ካልን ዝናቡን ቆመን አደነቅነው ማለት ነው። ኅዳር ላይ ታጭዶ ገና ያልተከመረ ጤፍ ማሳ ላይ ተኝቶ እያለ ዝናብ ሲወርድበት ማንም ገበሬ እንዲህ አይልም። ነጩ ጤፍ ይጠቁራል፣ ከሰነበተም ይበቅላል። ገበሬው የሚለው «ዝናቡ ሳናስበው መጣብን» ነው። ያቺ «ብ» ሥራውን ሁሉ ትሠራለች፤ ያልታሰበ መሆኑን «ሳናስበው» ሲናገር፣ ጉዳቱን «መጣብን» ይናገራል። ያው ዝናብ ሰኔ ላይ ዘሩ ሲጠማ ቢመጣ «ሳናስበው መጣልን» ይሆናል። እንግሊዝኛ «ናስቲ» (መጥፎ) ወይም «ፕለዘንት» (ደስ የሚል) የሚል ቃል ከፊት ጨምሮ የሚለየውን አማርኛ በ«ብ» እና በ«ል» ይለየዋል። ለተማሪዎችሽ ሌላ ምንም ሳታስተምሪ ይህችን ብቻ ብታሳዪያቸው ትርጉማቸው ይለወጣል።

ሦስተኛው እጅ ነው፦ «ዘበኛው መጋዘን ውስጥ ሁለት ልጆች ላይ ድንገት ደረሰባቸው።» ብዙ ሰው «እጅ ከፍንጅ ያዛቸው» ይለዋል። እሱ ግን ያልተባለ ይጨምራል። እጅ ከፍንጅ የሚያዘው ሲያጠፋ የተገኘ፣ በዚያም ላይ የተያዘ ነው። እንግሊዝኛው ልጆቹ አጥፍተዋል አላለም፤ አምልጠውም ሊሆን ይችላል።

አራተኛው «ድንገተኛ ፈተና»። «አስገራሚ ፈተና» ካልን ጥያቄዎቹ ጉድ የሚያሰኙ ናቸው ማለት ነው። አምስተኛው ምንም አያስቸግርም፣ «ብታሸንፍ አይገርመኝም» ነው፤ ሁለቱም ቋንቋዎች እኩል ይሄዳሉ። ስድስተኛው ምግብ ቤት ውስጥ ከሆነ «አንተ የመረጥከውን አምጣልኝ» ነው። «አስገርመኝ» ቢባል አስተናጋጁ ግራ ይጋባል።

ሞጣ መምህር

መምህርት፣ «አይ ሰርፕራይዝ» የሚለው ስህተት ከአማርኛችን ነው የሚመጣው፤ ስለዚህ መድኃኒቱም እዚያው ነው።

«ገረመኝ» የሚለውን ቃል ቦርድ ላይ ጻፊና ለሁለት ክፈይው፦ «ገረመ» እና «ኝ»። ልጆቹ «ኝ»ን «እኔ» ብለው ስለሚያስቧት «አይ» ብለው ይጀምራሉ። ግን «ኝ» ተሳቢ ናት። «መታኝ» ሲባል የመታሁት እኔ እንዳልሆንኩ ሁሉ «ገረመኝ» ሲባልም ያስገረመው ሌላ ነገር ነው። ስለዚህ «ኝ» በእንግሊዝኛ «ሚ» ናት፦ «ኢት ሰርፕራይዝድ ሚ»። «እኔ» ብለው መጀመር ካማራቸው አማርኛውን መጀመሪያ ወደ «ተገረምኩ» ይቀይሩት፦ «አይ ዋዝ ሰርፕራይዝድ»። ይኸውና ደንቡ፦

- በአማርኛ «ተ» ካለበት (ተገረምኩ፣ ተገርማለች) «ሰርፕራይዝድ»፣ ከፊቱም «ዋዝ» ወይም «ኢዝ» አይቀርም።
- በአማርኛ «አስ» ካለበት (አስገራሚ፣ የሚያስገርም) «ሰርፕራይዚንግ»።

«አይ አም ሰርፕራይዚንግ» ያለ ልጅ «እኔ አስገራሚ ሰው ነኝ» እንዳለ በአማርኛ ሲሰማው ወዲያው ራሱ ያርማል። ይህ ደንብ ለ«ቦርድ» (የሰለቸው) እና «ቦሪንግ» (አሰልቺ)፣ ለ«ታየርድ» (የደከመው) እና «ታየሪንግ»ም (አድካሚ) ይሠራል። «ደከመኝ»ም እንደ «ገረመኝ» ነውና።

መስተዋድዱ ላይም ይሳሳታሉ። እኛ «በዜናው ተገረምኩ» ስለምንል «በ»ን «ዊዝ» ወይም «ኢን» ያደርጓታል። ትክክሉ «አት» ወይም «ባይ» ነው። «ዊዝ» የሚገባው አንድ ሰው ሌላውን በስጦታ ሲያስደስት ነው፦ «ዘይ ሰርፕራይዝድ ኸር ዊዝ ኤ ጊፍት»። ከኋላው ግስ ከመጣ «ቱ»፦ «ሰርፕራይዝድ ቱ ሂር»፣ «ስሰማ ገረመኝ»።

ቃሉ ራሱ ስም ሲሆን ደግሞ ከፊቱ የምትገባው ትንሽ ቃል ትርጉሙን ትለውጠዋለች። «ቱ ማይ ሰርፕራይዝ» ያልጠበቅኩት ሆነ ማለት ነው። «ኢን ሰርፕራይዝ» ተገርሞ፣ ፊቱ ላይ እየታየበት ማለት ነው፦ «ተገርማ አየችኝ»። «ባይ ሰርፕራይዝ» ደግሞ «ቴክ» ወይም «ካች» ከሚሉት ግሶች ጋር ይሄዳል፤ ሳይዘጋጅ መያዝ ነው። ሦስቱን አንድ ላይ አታስተምሪ። በየሳምንቱ አንድ አንድ ይሁን፤ አለዚያ ይደባለቁባቸዋል።

አጻጻፉ፦ ኤስ፣ ዩ፣ አር፣ ፒ፣ አር፣ አይ፣ ኤስ፣ ኢ። ስምንት ፊደል ነው፣ «አር» ሁለት ጊዜ አለ። የመጀመሪያዋ «አር» በእንግሊዞች አነጋገር ስለማትሰማ፣ በብዙ አሜሪካኖችም አፍ ስለምትጠፋ፣ ሰምቶ የሚጽፍ ልጅ ይዘላታል። መጨረሻው «ዝ» ተብሎ ቢሰማም የሚጻፈው በ«ኤስ» ነው። ለማስታወስ «ኢንተርፕራይዝ» የሚለውን ቃል ከከተማው ታፔላ ላይ ያንብቡት። ሁለቱም የመጡት ከዚያው «መያዝ» ከሚለው ግስ ስለሆነ መጨረሻቸው አንድ ነው።

ንባቡ ላይ ደግሞ «ሰርፕራይዚድ» የሚሉትን አርሚ። ያለፈው ጊዜ ሲነበብ አዲስ ክፍለ ቃል አይጨመርም፣ «ዝድ» አንድ ላይ ተጣብቆ ይወጣል። የሚጨመረው በብዙ ቁጥር ነው፦ «ሰርፕራይዚዝ»። ድምፁ የሚጠነክረው «ፕራይዝ» ላይ ነው፤ «ሰር» ሳብ ሳትደረግ ታልፋለች።

የጎንጅ ደቀ መዝሙር

ከላይ የተባለው ሁሉ መልካም ነው። ከግዕዙ በኩል ጥቂት ልጨምር፤ ምክንያቱም የአማርኛ ቃሎቻችን ያላቸው ክብደት እኩል አይደለም።

«ገረመ» በግዕዝ አስፈራ፣ አስደነገጠ ነው። «ግርማ» ከዚያ ነው የወጣ። «ግሩም» ማለትም የሚያስፈራ፣ ግርማ ያለው ማለት ነበር። ዛሬ «ግሩም ምሳ» ስንል ፍርሃቱ ጠፍቶ ጥሩነቱ ብቻ ቀርቷል። «ደንገፀ» ደግሞ የአማርኛው «ደነገጠ» ነው። «አንከረ» አደነቀ ሲሆን «መንክር» ድንቅ ነገር ነው፤ አሁን «በአንክሮ ተመለከተ» ስንል በጥሞና ማየትን እንጂ መገረምን ብቻ አይደለም የምንለው። ለ«ሰርፕራይዝ» ከሁሉ የቀረበው የግዕዝ ቃል ግን «ግብት» ይመስለኛል። «በግብት» ማለት በድንገት፣ ሳይታሰብ ነው። «ግብታዊ» የምንለው ከዚያ ነው። ጥሩ ወይም መጥፎ አይልም፤ ያልታሰበ መሆኑን ብቻ ይናገራል። እንግሊዝኛውም እንደዚያ ነው።

የቅኔ ቤት ልጅ ይህን በቀላሉ ይረዳዋል። ሰሙን ሰምቶ አንድ ነገር ሲጠብቅ ኅብረ ቃሉ፣ ሁለት ትርጉም የያዘው ቃል፣ ተገልብጦ ወርቁ ብቅ ይላል። ጆሮው ወደ አንድ ወገን ሄዶ ልቡ በሌላ ወገን ሲያዝ የሚሰማው፣ «ሰርፕራይዝ» የሚለው ቃል ከሥሩ የያዘው ያ ነው። ከቅኔ ቤቶቹ ዋሸራም ሆነ ጎንጅ፣ ወርቁ አስቀድሞ የሚታወቅበትን ቅኔ የሚያደንቅ የለም።

ዳንግላ

እኔ የማልስማማበት አንድ ነገር አለ፤ «ሰርፕራይዝ»ን ሁልጊዜ መተርጎም አያስፈልግም። ልደት ላይ «ሰርፕራይዝ አደረግናት» የሚለው ቃል አማርኛ ሆኗል። ደብቆ ማዘጋጀት፣ ባለልደቷ ሳታውቅ መሰብሰብ፣ ስትገባ መብራት አብርቶ መጮህ፣ ይህን ሁሉ ባንድ ቃል የሚይዝ ሌላ የለንም። «ያልታሰበ ድግስ አደረግንላት» ብንል ግማሹ ይጎድላል።

ግን ተማሪዎቹ አንድ ነገር ይወቁ። እኛ የተዋስነው የደስታውን ወገን ብቻ ነው። በእንግሊዝኛ የሞት ዜናም፣ የበጀት ጉድለትም ሰርፕራይዝ ሊሆን ይችላል። በአማርኛ «ሰርፕራይዝ አለኝ» ተብሎ መርዶ አይነገርም። በተቃራኒው «ዱብ ዕዳ»ን ለሰርፕራይዝ የሚያውሉ አሉ። እሱም የሚሆነው ለመጥፎው ብቻ ነው፣ ዕዳ የሚል ቃል ተሸክሟልና። «ሎተሪ ደርሶት ዱብ ዕዳ ሆነበት» አይባልም።

ለጥቅል ስሜቱ ደግሞ «ጉድ» አይረሳ። «ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም» ስንል ያልተጠበቀ ነገር ሳይሰማ ዓመቱ አይለወጥም ማለታችን ነው። «ወይ ጉድ!» ለ«ኋት ኤ ሰርፕራይዝ!» ከማንኛውም ትርጉም ይሻላል፤ ለደግም ለክፉም ስለሚሆን።

መጠኑን ለመለየት ለልጆቹ እንዲህ ብነግራቸው ደስ ይለኛል። «ስታርትል» አካልን የሚያነሣ ነው፣ መደንገጥ፤ በቅሎ ከሆነች መበርገግ። «ሾክ» መጥፎ ዜና ሲሰማ ክው ማለት ነው። «አሜዝ» መደነቅ ነው፣ ብዙ ጊዜ በመልካም። «አስቶኒሽ» እጅን በአፍ የሚያስጭን። «ሰርፕራይዝ» ከሁሉም የቀለለና ወደየትም ያላደላ ነው፤ ስለዚህ የትኛው እንደሚሻል ላልገባው ተማሪ እሱን መጻፍ አያሳስተውም።

ቢቸና ሒሳብ

ለሒሳብ ክለብ የሚሆን አንድ ትንሽ ነገር። ያልታሰበ መሆን በቁጥር ይለካል። በ1948 እ.ኤ.አ. ክሎድ ሻነን ባቀረበው የመረጃ ንድፈ ሐሳብ ላይ ተመሥርቶ ማይረን ትሪበስ በ1961 «ሰርፕራይዛል» የሚል ስም ሰጠው። አሠራሩ፦ የመሆን ዕድሉን ወስደሽ በመሠረት 2 ሎጋሪዝሙን ታሰያለሽ፣ ምልክቱን ወደ አዎንታዊ ትቀይሪያለሽ። ሳንቲም ወርውሮ አንበሳ ቢወጣ ዕድሉ ከ2 አንድ ስለሆነ 1 ቢት ነው፤ ቢት የመለኪያው ስም ነው። ዕድሉ ከ8 አንድ ከሆነ 3 ቢት፣ ከ32 አንድ ከሆነ 5 ቢት። በእርግጥ የሚሆን ነገር 0 ቢት ነው። ሐምሌ ላይ ጮቄ ተራራ ዘነበ ቢሉሽ ምንም አልነገሩሽም ማለት ይቻላል። ጥር ላይ ዘነበ ቢሉሽ ግን ነግረውሻል። ልብ በሉ፣ ቀመሩ ዝናቡ ይጥቀም ይጉዳ አይጠይቅም።

ፍኖተ9

እጅግ አመሰግናለሁ። «ነገር፣ ልብ፣ እጅ» ነገ ቦርድ ላይ ይወጣል። ሁለት ነገር ቀረኝ። አንዱ ተማሪ የሆስፒታሉን «ድንገተኛ ክፍል» «ሰርፕራይዝ ሩም» ብሎ ጻፈ። ሁለተኛ፣ መጽሐፉ ላይ «አይ ዋዝ ፕለዘንትሊ ሰርፕራይዝድ ባይ ዩር ሪፖርት» የሚል ደብዳቤ አለ።

ማርቆስ ተርጓሚ

የልጁ ስህተት ጥሩ ማስተማሪያ ነው፤ «ድንገተኛ» ራሱ ሦስት መልክ ስላለው። አጣዳፊ ሲሆን «ኢመርጀንሲ» ነው፣ የሆስፒታሉ ክፍል የሚጠራው በዚህ ነው። ፈጣን፣ ቅጽበታዊ ሲሆን «ሰደን» ነው። ሳያሳውቁ የሚደረግ ሲሆን ብቻ «ሰርፕራይዝ» ይሆናል፦ ድንገተኛ ፈተና፣ ድንገተኛ ቁጥጥር፣ ድንገተኛ ኦዲት። መለያው እንዲህ ነው፦ «ሳይነገር» የሚለውን ቃል ከፊቱ አስገቢበት። «ሳይነገር የተደረገ ቁጥጥር» ይሄዳል፣ ስለዚህ ሰርፕራይዝ ነው። «ሳይነገር የተከፈተ የሕክምና ክፍል» ግን ሌላ ነገር ሆነ። «ሰደን»ንም በዚሁ ለዪው። ድንገት የሚቆም መኪና ፍጥነቱ ነው የተነገረው፤ ሰርፕራይዝ ግን ቀስ ብሎም ሊመጣ ይችላል። ዓመቱን ሙሉ ቀስ በቀስ ያደገ ነገር መጨረሻ ላይ ሲቆጠር ያልተጠበቀ ሆኖ ሊገኝ ይችላል፣ እዚያ ላይ «ድንገተኛ» ማለት ስህተት ነው፤ «ያልተጠበቀ» ነው።

ደብዳቤው ላይ «በሪፖርትዎ በደስታ ተገረምኩ» አትበይ፣ አማርኛ እንዲህ አይናገርም። «ሪፖርትዎ ከጠበቅኩት በላይ ሆኖ ስላገኘሁት ደስ ብሎኛል» በይ። ደብዳቤው ለአለቃ ወይም ለታላቅ ሰው የሚጻፍ ከሆነ ግን አንድ ነገር አስተውዪ። «ከጠበቅኩት በላይ» ማለት ቀድሞ ትንሽ ነበር የጠበቅኩት ማለት ስለሆነ በእኛ ዘንድ ንቀት ሊመስል ይችላል። ለእነሱ «ሪፖርትዎን አንብቤ እጅግ ደስ ብሎኛል» ብሎ መገረሙን መተው ይሻላል። ከሥር ያለሽ ሠራተኛ ወይም ተማሪ ከሆነ ግን «ከጠበቅኩት በላይ ነው» ምስጋና ነው፣ አትተዪው።